የጀናዛ አጣቢው ዝምታ

ቅጥሩ እየተናደ፣ ገበያው ግን ዓመት ከዓመት እየሰፋ የሄደ አንድ የቆየ ከተማ ነበር። ስሙን አልጠራም፤ የምነግራችሁ ሰዎች ዘሮች ዛሬም እዚያው ይነግዳሉ፣ እዚያው ይሰግዳሉ። በዚያ ከተማ፣ ከትልቁ መስጂድ ፊት ለፊት፣ ሐጂ ቡሽራ የሚባሉ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። ያለ አባት ያደጉ፣ የሰው ጨርቅ በትከሻቸው ተሸክመው በየመንደሩ እየዞሩ ሸጠው የራሳቸውን ሱቅ ያቆሙ ሰው ናቸው። የግመል ቅፍለት ወደ ቆላ ሊወርድ ሲል፣ የሚላክ ዕቃ ያለው ሁሉ አማናውን፣ የአደራ ዕቃውን፣ እሳቸው ቤት ያስቀምጣል። ሲመለስም ከእሳቸው ቤት ይቀበላል።

ሐጂ ቡሽራን ከሌላው ነጋዴ የሚለያቸው ግን ሀብታቸው አልነበረም። በሰው ላይ ያላቸው ግምት ነበር። ሊቃውንቱ ሁስነ ዘን ይሉታል፤ ለሰው በጎ በጎውን ማሰብ። አብዛኞቻችን በጎ ካሰብንም በሆዳችን ነው። ሐጂ ግን አፍ አውጥተው ይናገሩት ነበር፣ ያውም ሰው በተሰበሰበበት።

ዘሀራ የምትባል እህል ሻጭ ነበረች። መስፈሪያዋ ይጎድላል ተብላ ትታማለች። ሐጂ ለድሃ በሰደቃ የሚሰጡት እህል በፈለጉ ጊዜ፣ ገበያው እየሰማ፣ "ከዘሀራ ነው የምገዛው፤ የእሷ መስፈሪያ ሞልቶ ይፈሳል" አሉ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻቸው። እየቀለዱባት እንደሆነ ለማወቅ ነው። አልቀለዱም። ሰፍራ ስትጨርስ አንድ እፍኝ ጨመረችበት። ከዚያ ወዲህ ዘሀራ አጎደለች የሚል ወሬ በዚያ ገበያ አልተሰማም።

እኔም ነጋዴ ነኝና ይህን ነገር በነጋዴ ዓይን አስልቼዋለሁ። ሽንገላ አይደለም። ሸንጋይ በቃሉ ያተርፋል፤ ሐጂ ግን ነገሩ ቢበላሽ የሚከስሩት እሳቸው ነበሩ። መስፈሪያው ጎድሎ ቢገኝ ከሴትዮዋ ይልቅ የሚዋረዱት ሐጂ ናቸው። ይህ ለዘሀራ ገብቷታል። ሰው ክብሩን ስለ እሱ ብሎ በመያዣነት ያስቀመጠለትን ሰው ማክሰር ይከብደዋል።

በዚያው ከተማ ደግሞ እብሬ የሚባል ውሃ ቀጂ ነበር። ከወንዝ በአህያ ውሃ እየጫነ በየቤቱ ያከፋፍላል። እንስራው የሚቀመጠው ጓዳ ውስጥ ነውና እብሬ የማይገባበት ጓዳ አልነበረም። በአንዱ ጓዳ ያየውን በሚቀጥለው ቤት ይተርካል። ማን ከሚስቱ ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን በረመዳን ቀን ተደብቆ እንደበላ፣ የማን ልጅ ሳል እንደያዛት፣ ሁሉንም ያወራል። ከተማው "ነጋሪት እብሬ" ብሎ ስም አወጣለት። ይስቁበታል፣ ያሙታል፤ ወሬውን ግን ማንም ሳይሰማ አያልፍም።

አንድ ጊዜ ወሬው ቤት አፈረሰ። ድሮ የተከበረ ነጋዴ የነበረ አንድ አባወራ ከስሮ አልጋውን ሳይቀር ሸጦ ከነቤተሰቡ መሬት ላይ ይተኛ ነበር። ጎረቤት አያውቅም፤ የበሩ መጋረጃ እንደ ድሮው ነው። እብሬ ውሃ ሊገለብጥ ገብቶ አየ፣ ገበያ ላይ ሄዶ እንደ ቀልድ አወራው። አባወራው ብዙም ሳይቆይ ልጆቹን ይዞ፣ ማንንም ሳይሰናበት፣ ከተማውን ለቆ ሄደ። ከዚያ በኋላ ሰው እብሬን ከግቢ በር አያሳልፈውም ነበር። ውሃውን በር ላይ ተቀብለው ይመልሱታል። እሱም ከመሳቅ በቀር ሌላ መልክ የሌለው ሰው ሆኖ ቀረ።

የከተማው ጀናዛ አጣቢ የነበሩት ሽማግሌ ወደ አኼራ በሄዱ ጊዜ፣ ሰጋጁ ጀማዓ ምትክ ለመምረጥ ከቀትር በኋላ ካለው የአስር ሶላት ቀጥሎ መስጂድ ውስጥ ተቀመጠ። በዚያ ከተማ ልማድ የወንዶችን ጀናዛ የሚያጥበው አንድ ሰው ነው። በመጋረጃ በተከለለ ቤት ውስጥ ብቻውን ያጥባል፣ ብቻውን በከፈን ጨርቅ ይጠቀልላል። ውሃ አቀባዩ ከመጋረጃው ውጪ ቆሞ ማሰሮውን በእጁ ያሳልፍለታል እንጂ ወደ ውስጥ አያይም። የታጠበበት ውሃ ለዚሁ በተቆፈረ ጉድጓድ ይገባል፤ ጉድጓዱም ወዲያው በአፈር ይደፈናል። ሰው ዕድሜውን ሙሉ ከልብሱ በታች የደበቀው ሁሉ፣ ጠባሳውም ደዌውም፣ በዚያ ድንጋይ ላይ ተገልጦ ይተኛል። ስለዚህ አጣቢ ሲመረጥ እጁ ብቻ ሳይሆን አፉም ይታያል።

ስም ሲነሳ፣ ስም ሲጣል ቆየ። በመጨረሻ ሐጂ ቡሽራ፣ "ለእብሬ ስጡት" አሉ።

"የትኛው እብሬ?" አለ አወል። አወል የማርና የቅቤ ነጋዴ ነው፤ ነገር ከያዘ የማይለቅ ሰው።

"ውሃ ቀጂው።"

መስጂድ ውስጥ መሳቅ ነውር ነውና ሰው ሳቁን በጋቢው አፈነ። አወል ግን አልቻለም። "ሐጂ፣ አላህ ይምራዎት! እሱ ያጠበው ሟች ቀብር ሳይደርስ ወሬው ገበያ ይደርሳል።"

"ቆላም ይወርዳል እንጂ! ለእሱ ወሬ ግመል መጫን አያስፈልግም" አለ ሌላው።

እብሬ ከኋላ፣ ጫማ ከሚወልቅበት አጠገብ ተቀምጦ ነበር። እንደ ልማዱ አብሮ ሳቀ።

ኢማሙ ሸህ ጀውሀር እጃቸውን አንስተው ጉባኤውን ዝም አሰኙና፣ "ሐጂ፣ ምክንያትዎን ይንገሩን" አሉ።

"እብሬ የሁላችንንም ጓዳ ያውቃል" አሉ ሐጂ። "የተናገረውን ሰምታችሁ ትቆጥሩበታላችሁ። ያልተናገረውንስ ማን ቆጠረለት? ይህን ሁሉ ዘመን በየቤታችን ሲገባ ያየው ያወራውን ብቻ ይመስላችኋል? እያንዳንዳችሁ እሱ አይቶት ያልተወራባችሁን አንድ ነገር ታውቃላችሁ። ያን ማን ሸፈነው? እኔ ሰውየውን የማውቀው በሸፈነው ነው።"

ሳቁ ቆመ። ብዙ ሰው መሬት መሬት ማየት ጀመረ።

ሐጂ ወደ ኋላ ዞሩ። "እብሬ፣ አንተ ጋ የገባ የማይወጣ ሰው ነህ። ይህን ጀማዓው ፊት ስናገር አላፍርም።"

"እኔን ነው ሐጂ?"

"አንተን ነው።"

"ኧረ እኔን ያውቁኛል..."

"አውቅሃለሁ ነው የምልህ።"

የእብሬ ፊት ላይ ያ ሳቅ ጠፋ። ያለ ሳቅ አይተውት የማያውቁ ሰዎች ሌላ ሰው የመጣ መሰላቸው። ሸህ ጀውሀርም፣ "የሙስሊምን ነውር የሸፈነ አላህ ነውሩን ይሸፍንለታል። ሐጂ ተያዥ ከሆኑ እኛም ተቀብለናል" አሉ።

እብሬ መጀመሪያ ያጠበው ስለ አኗኗሩ ብዙ ይወራ የነበረ አንድ ባለጸጋ ሰው ነበር። ሥራውን ጨርሶ መጋረጃውን ገልጦ ሲወጣ ሐጂ ቡሽራ በሩ አጠገብ ቆመው ጠበቁት። ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ "አላህ ይሸፍንህ። እብሬ ጋ የገባ አይወጣም" አሉ። ከኋላ አንዳንድ ሰው ተጠቃቀሰ።

በማግስቱ ገበያ ላይ ከበቡት።

"በል እንጂ ነጋሪት፣ ምን አየህ?"

"ጀናዛ።"

"እሱንማ እኛም አይተናል! ከከፈኑ በታች ያለውን ነው የምንልህ።"

"ከከፈኑ በታች ያለው ቀብር ገብቷል።"

"እናንተ ሰዎች፣ እብሬ ታሞብናል! ትኩሳት ካለው ግንባሩን እዩት!"

ሳቁበት፣ ገፈተሩት፣ ሄዱ። እብሬ ቆይቶ ለሸህ ጀውሀር እንዲህ ብሏቸዋል፦ "ወሬው ጉሮሮዬ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ከተማ እኔን የሚያምን አንድ ሰው አለ፤ እሱንም ውሸታም ላደርገው ነው ወይ ብዬ ዋጥኩት። እንደ እሾህ እየወጋኝ ነው የወረደው።"

ከዚያ በኋላ በእያንዳንዱ ጀናዛ ሐጂ በሩ ላይ ይቆማሉ፣ ያንኑ ቃል ይላሉ። ዓመታት አለፉ። መጠቃቀሱ ቀረ። ቀጥሎ "ነጋሪት" የሚለው ስም ከሰው አፍ ጠፋ። ማን መጀመሪያ እንደተወው የሚያስታውስ የለም። በሮች ተከፈቱለት፤ ውሃውን እንደገና ጓዳ ድረስ ማስገባት ጀመረ። ከተማውን ለቆ የሄደውን አባወራም አጠያይቆ ደርሶበት፣ እግሩ ላይ ወድቆ "አፉ በለኝ" ብሎት ተመለሰ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ የሚል ታሪክ ነበር። አላበቃም።

ሐጂ ቡሽራ ጧሀ የሚባል አንድ ልጅ ነበራቸው። እናቱ ስትወልደው ሞታለች። ጧሀ ክፉ ልጅ አልነበረም። ችኩል ነበር፤ ይረሳል። ጨርቅ ሲለካ ለአንዱ ያስረዝማል፣ ለሌላው ያሳጥራል። ሐጂም ለአገሩ ሁሉ የሚመኙትን በጎ ነገር ለልጃቸው ሲሆን ከአፋቸው አያወጡትም። ደንበኛ ፊት፣ "ይሄ ልጅ ምንም አይወጣለትም። እኔ ከሞትኩ ይህን ሱቅ አመድ ያደርገዋል" ይላሉ። ጧሀ አንገቱን ደፍቶ ጨርቁን ያጥፋል።

ሸህ ጀውሀር አንድ ቀን ሱቁ ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሰሙ። "ሐጂ፣ ለእብሬ ከሚናገሩለት ግማሹን ለጧሀ ቢናገሩለት ምን አለበት?"

"እብሬ ባዳ ነው። ባዳ ይባበላል። ልጅ ግን በሙገሳ ይበላሻል።"

"ይህን ማን ነገረዎት?"

"እኔን ማን አሞገሰኝ? ይኸው ሰው ሆንኩ።"

ይህች በራሱ ጥሮ የቆመ ሰው ሁሉ የሚሳሳታት ስሕተት ናት። እሱ የመጣበት መንገድ እሾህ ስለነበረ፣ ሰው የሚያደርገው እሾሁ ይመስለዋል። በዚያው መንገድ ወድቀው የቀሩትን ዞሮ አያይም።

ጧሀ ጎልማሳ ሲሆን፣ ከቅፍለቱ ጋር ቆላ ወርዶ የከተማውን ሰው አማና እንዲያደርስ ራሱ ጠየቀ። ሐጂ የሚልኩት ሌላ ሰው ስላጡ እሺ አሉ። በመሄጃው ቀን ግመሎቹ ተጭነው፣ ሸኚው ተሰብስቦ፣ ጧሀ የአባቱን እጅ ስሞ፣ "አባዬ፣ ዱዓ ያድርጉልኝ" አለ።

"ዱዓውን አደርጋለሁ" አሉ ሐጂ። "አንተ ግን ይህን አማና በደህና ታደርሳለህ ብሎ ልቤ አይነግረኝም። የሰው ዕቃ በልተህ እንዳታዋርደኝ ብቻ።"

ሸኚው ሁሉ ሰማ። እብሬም እዚያው ነበር። ጧሀ አባቱን ጥቂት አያቸውና "እሺ አባዬ" ብሎ የግመሉን ገመድ ሳበ። በአባትና በልጅ መካከል ከዚህ በኋላ ሌላ ንግግር አልተደረገም።

ቅፍለቱ የተመለሰው ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ጧሀን በቃሬዛ ተሸክመውት ይመጡ ነበር፤ ከከተማው በታች ካለው ወንዝ ሲደርሱ ነፍሱ ወጣች። የቅፍለቱ መሪ ለሐጂ እንዲህ አሉ፦ "በቆላው ገበያ ተለያይተን ነበር። ስንመለስ በትኩሳት ወድቆ አገኘነው። የሆነውን ለመናገር አቅም አልነበረውም። የሚጠራው እርስዎን ብቻ ነበር።" አማናው ሲፈተሽ የአወል ማርም የማሩም ዋጋ አልተገኘም። ሐጂ ሳይጠየቁ ተኩለት።

ልጅን ለማጠብ አባት ቅድሚያ አለው። ሐጂ እስከ ማጠቢያው ቤት በር ሄዱ፣ መጋረጃውን ያዙ፣ መልሰው ለቀቁት። "እብሬ፣ አንተ እጠብልኝ" አሉ።

የዚያን ቀን እብሬ ከወትሮው ዘገየ። ሲወጣ ዓይኑ ቀልቶ ነበር። ሰው ሁሉ እንደ ልማዳቸው እንዲናገሩ ወደ ሐጂ ተመለከተ። ሐጂ ግን ምንም ሳይሉ ከጀናዛው ኋላ ተከተሉ።

ሐዘኑ ሳይወጣ አንድ ጨው ነጋዴ ከቆላ ወሬ ይዞ መጣ። ከደጋ የመጣ አንድ ወጣት የሰው አማና በልቶ በቆላው ገበያ በአደባባይ ተገርፏል አለ። ስሙን አያውቅም። ለከተማው ግን ስም አላስፈለገውም። ሐጂ በመንገድ ሲያልፉ ንግግር ይቋረጥ ጀመር።

ከጁሙዓ ሶላት በኋላ፣ ሰው ከመስጂዱ ግቢ ሳይበተን፣ አወል ብድግ አለ።

"ማሬ ተተክቶልኛል፤ የምጠይቀው ስለ ማር አይደለም" አለ። "የዚህ ከተማ አማና ሁሉ ያለው ሐጂ ቤት ነው። ልጃቸው የሰው ዕቃ በልቶ ተገርፎ ከሆነ የማወቅ መብት አለን።"

"አወል፣ ሟችን በክፉ አታንሳ" አሉ ሸህ ጀውሀር።

"አላነሳሁም፣ ጠየቅኩ እንጂ። ጅራፍ ምልክት ይተዋል። ያጠበው ሰው ደግሞ ይኸው እዚህ አለ። እብሬ፣ ጀርባውን አይተሃል። አለበት ወይስ የለበትም?"

እብሬ ተነሳ። "ያጠብኩበትን ውሃ መሬት ጠጥታዋለች" አለ።

"ይህ መልስ አይደለም! ንጹህ ከሆነ ንጹህ ነው በል። የሟችን መልካም መናገር ይፈቀዳል። ሸህ፣ አይፈቀድም?"

"ይፈቀዳል" አሉ ሸህ ጀውሀር፣ ሳይወዱ።

"ይኸው! አንድ ቃል ብቻ በል፤ ሐጂ ዛሬ ቀና ብለው ቤታቸው ይግቡ። ምን ይከብድሃል?"

ሐጂ ቡሽራ ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠው ነበር። በጣታቸው መካከል የነበረው ሙስበሃ፣ የዱዓ መቁጠሪያው፣ ቆሟል። እብሬን አዩት፤ ዓይናቸው የሚለምን ዓይን ነበር። እብሬም አያቸው።

"ዛሬ ስለ አንዱ ንጹህ ነው ካልኩ፣ ነገ ስለ ሌላው ዝም ስል ዝምታዬ ይመሰክርበታል" አለ። "የብዙዎቻችሁን አባቶች አጥቤያለሁ። አወል፣ የአንተንም አባት አጥቤያለሁ። ስለ እሳቸው ጥሩም ክፉም ተናግሬ አውቃለሁ?"

አወል፣ "አታውቅም፤ አልተናገርክም" አለ። ተቀመጠም። ማንም ሌላ ጥያቄ አልጠየቀም። በዚያ ግቢ ውስጥ እብሬ ሟች ያላጠበለት ሰው ጥቂት ነበር።

በሕዝቡ ዘንድ ነገሩ በዚያ አበቃ። ለአባትየው ግን አላበቃም።

በዚያው ቀን ከአስር ሶላት በኋላ ሐጂ ብቻቸውን ወደ እብሬ ቤት ሄዱ። እብሬ ከአህያው ላይ የውሃውን ስልቻ እያወረደ ነበር።

"ሐጂ! ምነው በእግርዎ? ሰው ቢልኩብኝ እመጣ አልነበረም?"

ሐጂ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ ተቀመጡ። "ለጀማዓው የመለስከው ልክ ነው" አሉ። "አሁን ጀማዓ የለም። እኔ አባቱ ነኝ።"

እብሬ ስልቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ስሸኘው ያልኩትን ሰምተሃል። የሰው ዕቃ ትበላለህ አልኩት። ካልበላ፣ ንጹህ ልጄን ነው በሰው ፊት አዋርጄ ለሞት የሰደድኩት። ከበላ ደግሞ፣ ከእሱ የምጠብቀው ይህንኑ እንደሆነ አስቀድሜ የነገርኩት እኔ ነኝ። እብሬ፣ የትኛው እንደሆነ ሳላውቅ በየትኛው ተጸጽቼ ተውበት ልግባ? ሱጁድ ስወርድ ምን ብዬ ልለምን?"

እብሬ እያለቀሰ ነበር። "ሐጂ፣ አህያዬን ይጠይቁኝ። ቤቴን ይጠይቁኝ።"

"የምጠይቅህ ይህን ነው።"

"ይህን አልችልም።"

"እዚያ ቦታ ያቆምኩህ እኔ ነኝ!" ድምፃቸው ከፍ አለ። "አገር ሲስቅብህ እኔ ነኝ ያልሳቅኩት! ምነው ነጋሪት ሆነህ በቀረህልኝ!"

ቃሉ ከአፋቸው ሲወጣ ሁለቱም ደነገጡ። ያን ስም ሐጂ በሕይወታቸው ጠርተውት አያውቁም ነበር።

እብሬ ዕንባውን በክንዱ ጠረገ። "ነጋሪት ሆኜ ብቀር ኖሮ እነግርዎ ነበር" አለ፣ ቀስ ብሎ። "ስለምወድዎ ሳይሆን አፌን መያዝ ስለማልችል እነግርዎ ነበር። እርስዎ ግን ከሰው ሁሉ ፊት ሌላ ሰው ነህ አሉኝ። እኔም አመንኩዎ። አሁን ያን ሰው ከየት አምጥቼ ልጣለው?"

"አስተግፊሩላህ" አሉ ሐጂ። ደግመውም አሉት። በመጨረሻ ሐጂ በትራቸውን ተደግፈው ተነሱ። እጃቸውን የእብሬ ራስ ላይ አኖሩና፣ "አላህ ይሸፍንህ" አሉ። ድምፃቸው ተቆራርጦ ነበር የወጣው። ወደ ቤታቸው ሲመለሱ ያያቸው ሰው፣ በአንድ ቀን እንደዚያ ያረጀ ሰው አይቼ አላውቅም ብሏል።

ሐጂ ቡሽራ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት ኖሩ። እውነቱን ሳያውቁ ኖሩ። ለሁለቱም ተውበት ገቡ፤ ለበደሉት ንጹህ ልጅም፣ በቃላቸው ለገፉት ጥፋተኛ ልጅም። ሱቃቸው እንደተከፈተ ነበር፤ ጨርቁን የሚያጥፉት ግን ብቻቸውን ነው።

በመጨረሻው ዓመታቸው አንድ ጎረቤት ልጁን ሊከስ መጣ።

"ሐጂ፣ እባክዎ ይምከሩልኝ። ይሄ ልጅ ምንም አይወጣለትም።"

"ይህን ለእሱ ነግረኸዋል?"

"ሳልነግረው ውዬ አላውቅም።"

"ልጁ ሰማህ?"

"የት ይሰማኛል! እሱ እቴ!"

"ሰምቶሃል" አሉ ሐጂ። እጃቸው በታጠፈው ጨርቅ ላይ ነበር። "ልጅ የአባቱን ቃል ይለብሳል። አሁን ግባና ሌላ ቃል አልብሰው። እኔ አገር ሁሉ አልብሼ ልጄን ራቁቱን ሸኘሁት።"

ሰዎች ይህን ታሪክ ስነግራቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ፣ ጧሀ ተገርፎ ነበር ወይስ አልተገረፈም ብለው ነው። አላውቅም። የሚያውቀው እብሬ ነበር፤ እሱም ይዞት ቀብር ገባ። አላህ ለሁለቱም ይዘንላቸው።

እኔ የማሰላው ሌላ ነው። በዚህ ታሪክ ውስጥ ያለው ሁለት ሰው ነው፤ አንዱ ማንም የማያምነው፣ አንዱ ደግሞ ገና ያልተፈተነ። ሐጂ ቡሽራ በጎ ግምታቸውን ለመጀመሪያው አዋሉት፤ ሰውየውም ያን ግምት እስከ ማክበር ደረሰ፣ ያውም ግምቱን በሰጡት ሰው ልመና ፊት ቆሞ። ለሁለተኛው ክፉውን ገመቱለት። ልጁ ያን ግምት አሟላው ወይስ አፈረሰው፣ ሳይታወቅ ቀረ። ለእብሬ የተነገረው ቃል ምን ያህል አስወጣቸው? የትንፋሽ ያህል ነው። ለጧሀ ያልተነገረው ደግሞ የቀረ ዕድሜያቸውን ሁሉ በላው።

ብዙዎቻችን እንደ እሳቸው ነን። ገበያ ላይ ለማናውቀው ሰው "በአንተ እምነት አለኝ" እንላለን፤ ቤት ስንገባ ስሕተት መልቀም እንጀምራለን። የቤታችን ሰው የትም አይሄድብንም ብለን ነው። እሱም ግን አንድ ቀን ገመዱን ይስባል። ለሟች ዱዓ ይደርሰዋል፣ ሰደቃ ይደርሰዋል። "አምንሃለሁ" የሚል ቃል ግን አይደርሰውም።